ሐዋሳ፦ ወደ ሐይቅ ዳር የወረደችው ዋና ከተማ

የባሕር በር ያላቸው አገሮች ሰዎች የሁለትና የሦስት ቀን ዕረፍት ባገኙ ጊዜ ወደ ጥንታውያን የወደብ ከተሞቻቸው መውረድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ኢትዮጵያዊው መንገደኛም ምጽዋንና አሰብን የሚያስብበት ዘመን ነበር፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕሩ ዳርቻ ከአገሪቱ ካርታ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ውኃ ማየትን፣ የውኃ ዳር ነፋስ መቀበልንና ትኩስ አሣ መመገብን የሚሻ የአዲስ አበባ ሰው ዐይኑን የሚያሳርፈው በሐይቆቹ ላይ ነው። ከሐይቅ ዳር ከተሞችም መካከል በአንድ ቅዳሜና እሑድ ደርሶ ለመመለስ ከሚመቹት አንዷ ሐዋሳ ናት።

በየሙያው የተሰማራው ሰው ሐዋሳን የሚያውቃት በአብዛኛው በስብሰባ ነው። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩና የሒሳብ ባለሙያው ለሥልጠና ወይም ለዓመታዊ ጉባኤ ተጠርቶ ይመጣል፤ ቀኑን በአዳራሽ ውስጥ ያሳልፋል፤ ምሽት ላይ በሐይቁ ዳር ጥቂት ይንሸራሸራል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ስለ ከተማዋ ሲጠየቅም «ጽዱና ሰፊ ናት፤ አዲስ ከተማ ናት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ሐዋሳ በዕድሜ ከብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች ታናሽ ብትሆንም የተቆረቆረችበት ምድርና የመጣችበት የአስተዳደር መንገድ ታናሽ አይደሉም። የከተማዋን ታሪክ ጥቂት ያወቀ እንግዳ በሐይቁ ዳር የሚራመድበትን አፈር እንኳ በሌላ ዐይን ያየዋል።

ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ነባሩ መንገድ በቢሾፍቱ በኩል ወደ ሞጆ ወርዶ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ መቂን፣ ዝዋይ ትባል የነበረችውን ባቱንና ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ይደርሳል። ይህ ጎዳና ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ ቀጥሎ ኬንያ የሚገባ በመሆኑ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታሰበው የአፍሪካ አቋራጭ መንገድ አካል ነው። መንገደኛው በጉዞው ላይ የዝዋይን፣ የላንጋኖን፣ የአብያታንና የሻላን ሐይቆች ወይ በዐይኑ እያየ፣ ወይ ከኮረብታ ጀርባ እየተዋቸው ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የሰበሰባቸው ውኃዎች ናቸው።

ሻሸመኔን አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ ጥቁር ውኃ የተባለውን ወንዝ ይሻገራል። ድልድዩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ ሊያስተውለው ግን ይገባል። ጥቁር ውኃ ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባ ብቸኛው ወንዝ ነውና ሐይቁ የሚኖረው በእርሱና በዝናብ ነው።

ሐይቁ ከስምጥ ሸለቆው ዋና ዋና ሐይቆች ትንሹ ሲሆን ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱም በጥልቁ ስፍራ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። የተኛበት ጎድጓዳ ስፍራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በመስጠሙ የተፈጠረ ነው። በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ዛሬም ፈጽሞ ያልበረደ ሲሆን በወንዶ ገነት የሚፈልቀው ፍል ውኃም የዚሁ የከርሰ ምድር ሙቀት ምስክር ነው።

የሐይቁ ጠባይ ለሥነ ምድር ሊቃውንት ሁልጊዜ ትኩረት የሚስብ ሆኖ ኖሯል። ሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨውና ሶዳ እያጠራቀመ መምረሩ የተለመደ ነው። የሐዋሳ ውኃ ግን ለአሣ የሚመች ለጋ ውኃ ሆኖ ቆይቷል፤ ምክንያቱም የተወሰነው ውኃ በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሠርጎ ከመሬት በታች ይወጣል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ይህ ስውር መውጫ ጨውን ቢያቀልም፣ ከዳገቱ የሚወርደውን ደለልና ከከተማው የሚፈሰውን እድፍ ጠርጎ የሚወስድ አይደለም። የገባው ሁሉ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ይህን ማስታወስ ኋላ ለሚነሣው ጉዳይ ይጠቅማል።

ሦስቱ መናገሻዎች

ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ስፍራው አዳሬ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ሜዳው የሲዳማ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ከሐይቁ የሚያጠጣበት ምድር ነበር። የአዳሬ ስም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም በከተማው ሆስፒታል ላይ ይነበባል። «ሐዋሳ» የሚለው ቃል ራሱ በሲዳምኛ ሰፊ የውኃ አካልን የሚያመለክት ነው። በቀድሞ ደብዳቤዎችና ካርታዎች ላይ «አዋሳ» እየተባለ ሲጻፍ ቆይቶ በኋላ ዘመን ወደ ቋንቋው አነጋገር ተመልሶ ተስተካክሏል።

የሲዳማ ሕዝብ በእንሰትና በከብት ላይ የተመሠረተ ጥንታዊ ኑሮ፣ ሴራ የተባለ የሥርዓት ሕግና እውነትን ሐላሌ ብሎ ከሁሉ በላይ የሚያከብር ባህል ያለው ነው። ጊዜን የሚቆጥረውም በራሱ መንገድ ሲሆን የገበያው ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ የተባሉ አራት ቀኖች አሉት። ይህ አገር በ1880ዎቹ ዓ.ም. የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲዘምት በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። የሐዋሳም ታሪክ በትክክል የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ በተከተለው የመናገሻ ፍለጋ ነው።

በዐድዋ ጦርነት ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ሲገዙ መቀመጫቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው ሀገረ ሰላም ነበረች። የዚያ ዘመን ገዢ ደጋን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከፍታው ለጦር ሠፈር ይመቻል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ያሳያል፤ ከሁሉም በላይ ከቆላው ንዳድ ይጠብቃል። ደጋማው ወታደር ከጠላት ጦር ባላነሰ የሚፈራው የቆላ በሽታን ነበር።

ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተጋጭተው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ግዛቱ ኋላ ለራስ ደስታ ዳምጠው ተሰጠ። ራስ ደስታም በ1925 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ ይርጋለም አወረዱት። ይርጋለም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወይና ደጋ በመሆኑ የአስተዳደሩ መቀመጫ በአንድ ጊዜ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ አለ ማለት ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ቡና ነበር። የሲዳማና የጌዴኦ ቡና የሚበቅለው በወይና ደጋው ላይ ነውና የገንዘብ ምንጭ የሆነውን ምርት ከሩቅ ደጋ ሆኖ መቆጣጠር አዳጋች ነበር። ራስ ደስታ ግን ከተማቸውን ለማደራጀት ብዙ ጊዜ አላገኙም፤ ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ በደቡብ ግንባር ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላም ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መዲና ሆና ቀጠለች።

ሦስተኛው ውረድ ወደ ሐይቁ ሆነ። በዘመናዊው መንገድ ሥራ ይርጋለም ከዋናው ጎዳና ገባ ብላ ቀረች፤ ከአፖስቶ መገንጠያ መታጠፍን ትጠይቃለች። በኮረብታ ላይ የተሠራች በመሆኗም ለመስፋፋት አልተመቸችም። ወደ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የአዳሬ ሜዳ በአንጻሩ ሰፊና ለጥ ያለ፣ ውኃ የቀረበው፣ ጎዳናውም የሚያልፍበት ነበር። ሐዋሳ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም አነሣሽነት እንደተቆረቆረች ይታወቃል፤ የምሥረታዋም ዘመን 1952 ዓ.ም. ተደርጎ ይቆጠራል።

ምሥረታውና ዘመኑ

ከተማ ከደጋ ወርዶ በረግረግ አጠገብ መቆርቆሩ ቀደም ባለው ዘመን ቢሆን እንደ ድፍረት በተቆጠረ ነበር። በ1951 ዓ.ም. መባቻ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሚልዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይዞ ከመቶ ሺህ በላይ የሚገመት ሰው እንደፈጀ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። ይኸው ወረርሽኝ መንግሥትን አነቃ፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅትም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ቤት ለቤት የሚረጨው የዲዲቲ መድኃኒትና የክሎሮኪን ክኒን ለቆላው ነዋሪ አዲስ ተስፋ ነበሩ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው እንግዲህ ሰው «ሸለቆው ሊኖሩበት ይቻላል» ብሎ ማመን በጀመረበት ሰዓት ነው። የሐኪሙና የመድኃኒት ረጪው ሥራ በከተማ ምሥረታ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይጠቀስም፤ ሆኖም ያለ እርሱ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማደጋቸው አጠራጣሪ ነበር።

ዘመኑ በዓለምም አዲስ መዲና በፕላን የሚቆረቆርበት ዘመን ነበር። ብራዚል ከጥንታዊው የወደብ ከተማዋ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወጥታ በመሐል አገር ያሠራቻትን ብራዚሊያን የመረቀችው በዚያው በ1952 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። በአገር ውስጥም ባሕር ዳር በጣና ዳር በፕላን እየተስፋፋች ነበር። የብራዚል መዲና ከውኃ ሸሽታ ወደ ደጋ ስትወጣ የሲዳሞ መዲና ደጋውን ትታ ወደ ውኃ ወረደች፤ ሁለቱን ያመሳሰላቸው ግን ከተማ በመሪና በመሐንዲስ እርሳስ ሊወለድ ይችላል የሚለው የዘመኑ እምነት ነው። ሐዋሳ ዛሬም የምትመሰገንባቸው ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ እምነት ልጆች ናቸው።

እርሳሱ ያረፈበት ወረቀት ግን ባዶ ቢመስልም መሬቱ ባዶ አልነበረም። በአዲሱ ከተማና በዙሪያው ለጡረተኛ ወታደሮች መሬት ተሰጠ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም በሐይቁ ዳር የማረፊያ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ከብቱን በአዳሬ ሜዳ ያሰማራ የነበረው ሲዳማ ከግጦሹም ከሐይቁ ዳርም እየራቀ ሄደ። ለመንግሥት ሹም የከተማ መቆርቆር የሥልጣኔ በር ነበር፤ ለወታደሩ የዘመን አገልግሎቱ ዋጋ ነበር፤ ለእረኛው ግን የሜዳው መጥበብ ነበር። ሦስቱም እውነቶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ይዞ የሐዋሳን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። የኋለኛው ዘመን ጥያቄ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ከመንደር ወደ ከተማ

አብዮቱ ሲፈነዳ ሐዋሳ ገና ልጅ ነበረች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባትና የጭሰኛን ግንኙነት አፈረሰ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም የከተማውን ይዞታ ለወጠ። የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በመሆኗም መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያዎች በዙባት። የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክና የዱቄት ፋብሪካዎችም ተከፈቱ። በሐይቁ ዳር የነበሩት የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ከዛፎቻቸውና ከጉሬዛዎቻቸው ጋር ለብዙ ዘመን የከተማዋ የእንግዳ መቀበያ ገጾች ሆኑ።

ለከተማዋ የዕውቀት ስም የሰጣት ግን ኮሌጇ ነው። የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1968/69 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቁሞ የእርሻ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከኮሌጁ የወጡ የእርሻ ባለሙያዎች በየወረዳው ተሰማርተው ያገለገሉ ሲሆን ስለ ሐይቁ፣ ስለ አሣውና ስለ ረግረጉ ከሚታወቀው ብዙውን ያጠኑትም በዚሁ ተቋም የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሐዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆነች። ከሃምሳ በላይ ቋንቋ የሚነገርበት ክልል ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ወደ አንዲት ከተማ ጎረፉ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 69 ሺህ ገደማ የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ157 ሺህ በላይ ሆነ፤ በ12 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የክፍለ ከተሞቹ ስም ብቻ የዚህን ዕድገት ታሪክ ይናገራል፦ ሐይቅ ዳር፣ መሐል ከተማ፣ መናኸሪያ፣ ባህል አዳራሽ፣ ታቦር፣ ምሥራቅ፣ አዲስ ከተማ፣ ሐዌላ ቱላ። አንዱ ከውኃው፣ አንዱ ከኮረብታው፣ አንዱ ከአውቶቡሱ፣ አንዱ ከገጠሩ ስሙን ወሰደ።

ሁለት በዓላት በአንድ ዳርቻ

የሐዋሳን ሕይወት በአጭር ጊዜ ለመረዳት የሚሻ እንግዳ ሁለት በዓላትን ቢያይ ይበቃዋል። አንደኛው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። በከተማዋ እምብርት ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች እጅግ ብዙ ምእመን ይጎርፋል። ቁልቢ መሄድ ያልቻለ ስለቱን እዚህ ያገባል፤ ሐዋሳን መርጦ በየዓመቱ የሚመጣም ብዙ ነው። ከአደባባዩ ተነሥቶ በዛፎች መካከል ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው ጎዳና በእነዚያ ቀናት በነጭ ልብስ ይሸፈናል።

ሁለተኛው የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ ነው። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የተባሉ የከዋክብትና የጨረቃ አካሄድ ዐዋቂ ሽማግሌዎች ናቸውና ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በትውፊቱ እንደሚነገረው በዓሉ አንዲት ባለትዳር ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ የምትሄድበትን ቀን ያስታውሳል፤ ምግቡን ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል። በዋዜማው ቤተሰብ በእርጥብ ቀርከሃ በተሠራ በር ይሾልካል፤ በማግስቱ ሕዝቡ በአደባባይ ቄጣላ እያለ ይጨፍራል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የጨምበላላ በዓል በሐዋሳ የሚከበርበት ስፍራ ጉዱማሌ ይባላል፤ የሚገኘውም በሐይቁ ዳር ነው። ጉዱማሌ በሲዳማ ባህል ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚመክርበት፣ ከብትም የሚሰማራበት የጋራ ሜዳ ነው፤ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም። ከአዳሬ ሜዳ የቀረው የጋራ መሬት ትዝታ በዚህ ስም ውስጥ ይኖራል። በበዓሉ ቀን ሽማግሌዎች ጦራቸውን ይዘው፣ ወጣቶች እየጨፈሩ ወደ ውኃው ዳር ሲወርዱ ያየ ሰው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ስፍራው የማን እንደነበረ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

የከተማዋ ጥያቄ

ሐዋሳ የማን ናት የሚለው ጥያቄ በሰላም ብቻ አልተመለሰም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን የአስተዳደር ሁኔታ ለመለወጥ የቀረበውን ሐሳብ ለመቃወም የወጡ ሲዳማዎች በከተማዋ ዳር በሎቄ በጸጥታ ኃይሎች ተተኩሶባቸው ብዙዎች ሞቱ። ሎቄ ለሲዳማ ሕዝብ የሐዘን ቀን ሆኖ ይታሰባል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ አብረው በኖሩ ነዋሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሲዳማ ክልልነት በራስ ይታወጃል ተብሎ በተጠበቀ ጊዜም ሁከቱ እንደገና ብዙ ሰው በላ።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98 ከግማሽ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ሲዳማ ክልል እንድትሆን መረጠ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሥልጣን ተረክባ አሥረኛዋ ክልል ሆነች። የደቡብ ክልል የነበረውም እየተከፋፈለ ሄዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዳዲስ ክልሎች ሲመሠረቱ ታሪኩ ተፈጸመ። ሐዋሳም የብዙ ብሔረሰቦች የጋራ መቀመጫ መሆኗ ቀርቶ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆነች።

ይሁን እንጂ የከተማዋ ነዋሪ ዛሬም ሲዳማ፣ ወላይታ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ከምባታና ሐዲያ ነው። በአዋጅ የተመለሰው ጥያቄ የአስተዳደሩ ነው፤ የጉርብትናው ጥያቄ በየቀኑ በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በዕድር የሚመለስ ነው። የሲዳማ ሽማግሌ ጉዳይ ሲያነሣ «አፊኒ» ይላል፤ «ሰማችሁን?» እንደ ማለት ነው። ከመፍረድ በፊት መስማትን የሚያስቀድመው ይህ ቃል በአዳሬ ለቆመች የብዙዎች ከተማ ከብዙ ደንብ ይበልጥ ሳይጠቅማት አይቀርም።

ሐይቁ የተሸከመው

ማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው የሐዋሳን ሌላ ገጽ ያያል። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን የዋለ መረባቸውን ሰብስበው በጀልባ ይመለሳሉ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ሌላው አሣ በሥፍራው እየተሰነጠቀ ይሸጣል፤ ደፋሩ ጥሬውን በሚጥሚጣ ይበላል፤ ሌላው ጥብሱን፣ ጉላሹን ወይም ሾርባውን ያዛል። ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳዎች ደግሞ እንደ ቆመ ጥበቃ ዙሪያውን ከበው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ በአንድ መውጫ በሌለው ውኃ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ነው።

ያ ውኃ ግን በሁለት ወገን ተፈትኗል። የመጀመሪያው ከላይ የሚመጣው ነው። በከተማዋ ምሥራቅ ጨለለቃ የተባለ ሐይቅ ነበር፤ ከወንዶ ገነት አቅጣጫ የሚወርዱት ጅረቶች በእርሱ አርፈው ደለላቸውን ጥለው በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሐዋሳ ይገቡ ነበር። የምሥራቁ ደጋ ደን እየተመነጠረ አፈሩ በመታጠቡ ጨለለቃ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ተሞልቶ ረግረግ ሆነ። አንድ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከካርታ ሲጠፋ ማየት ለቀሪው ሐይቅ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጨለለቃ ይይዘው የነበረው ደለል አሁን ማረፊያው ሐዋሳ ነውና።

ሁለተኛው ከዳሩ የሚመጣው ነው። በ1990 ዓ.ም. ግድም የሐይቁ ውኃ ከፍ ብሎ ዳርቻውን አጥለቀለቀ፤ ከተማውን ለመከላከልም በዳሩ የአፈር ግድብ ተሠራ። ዛሬ እንግዳው በፍቅር ሐይቅ አካባቢ ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት ከፍ ያለ መንገድ ይኸው ግድብ ነው። መናፈሻ መስሎ የሚታየው ነገር በእውነቱ ምሽግ ነው። ግድቡ ውኃው ወደ ከተማው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የከተማው ፍሳሽ ወደ ውኃው እንዳይገባ ግን አይከለክልም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ጣቢያ የተተከለለትም ይህ ሥጋት ታስቦ ነው። ፓርኩ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ሥራ ከፈተ፤ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ግን አንዳንድ ኩባንያዎች ለቀው በመሄዳቸው ሥራው ተናጋ። የሠራተኞቹ የቤት ኪራይ፣ የየሠፈሩ ፍሳሽና የየሆቴሉ ቆሻሻ ጉዳይ ግን የከተማው ዕዳ ሆኖ ቀጥሏል።

የሁለት ቀን እንግዳ

እንግዲህ በዓመታዊ ጉባኤ ሰበብም ሆነ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ የሚመጣ የሙያ ሰው ሁለቱን ቀኖቹን እንዴት ቢያሳልፍ ይጠቀማል? በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ታቦር ተራራ ላይ ቢወጣ ከተማዋን፣ ሐይቁንና ከሐይቁ ማዶ ያሉትን ኮረብቶች በአንድ ዐይን ያያል፤ መሐንዲሱ በ1952 ዓ.ም. ለምን ይህን ሜዳ እንደመረጠ ያኔ ይገባዋል። ከዚያ በገብርኤል አደባባይ አድርጎ ወደ ግድቡ ይውረድ፤ ቀስ ብሎም እስከ ጉዱማሌ ይሂድ። በሁለተኛው ቀን ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይርጋለምን ይይ፤ ጊዜ ካለውም ወደ ሀገረ ሰላም ይውጣ። መንገዱ የሲዳሞ መዲና በአንድ ትውልድ የወረደበትን ዳገት ወደ ላይ መልሶ ያወጣዋል፤ ከጎዳናው ግራና ቀኝ ያለው ቡናና እንሰትም ለምን እንደወረደች ይነግረዋል።

ታሪካዊ ከተማ ማለት ግንብና ሐውልት የበዛበት ብቻ አይደለም። ሐዋሳ ጥንታዊ ግንብ የላትም፤ ያላት በሰው ዕድሜ ሊቆጠር የሚችል፣ ገና ያልተዘጋ ታሪክ ነው። ስትቆረቆር ያዩ ሽማግሌዎች ልጆች ዛሬ በከተማዋ ይኖራሉ፤ የጨለለቃን ውኃ በልጅነታቸው ያዩ አሁንም በሕይወት አሉ። ለሙያ ሰው ይህ ታላቅ ትምህርት ነው፤ የሠራው መንገድ፣ የነደፈው ፕላን፣ የረጨው መድኃኒትና የተወው ፍሳሽ ውጤቱን ለማየት መቶ ዓመት እንደማይፈጅ ሐዋሳ ታሳያለችና። ሐይቁ በምድር ላይ መውጫ የለውም፤ ከተማዋም ካለፈው ታሪኳ የምታመልጥበት ሌላ በር የላትም። ሁለቱም የተቀበሉትን ይዘው ይኖራሉ። በዳርቻቸው ያረፈ እንግዳም የሚተውላቸውን ነገር አስቦ ቢተው ዕረፍቱ ለራሱም ለከተማዋም በረከት ይሆናል።